እግሯ የቆሸሸው እረኛ እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ስለ ፖላንዳዊው ሠዓሊ ዩዜፍ ኼውሞንስኪ ሁለት መስመር ብጽፍ የጥያቄ መዓት ወረደብኝ። የቻልኩትን ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ቼልሞንስኪ ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ። የቱ ነው ትክክሉ?»

ኼውሞንስኪ ነው። ፖላንዶች ሲ እና ኤች አጣምረው የሚጽፉትን ድምፅ እንደኛው «ኸ» ያነቡታል። መሃል ላይ ያለችው ጭረት ያለባት ኤል ደግሞ «ው» ትሆናለች። ዩዜፍ ያው ዮሴፍ ማለት ነው። በ1849 ዎቪች ከተማ አጠገብ ቦችኪ በምትባል መንደር ተወለደ። ያኔ ፖላንድ የምትባል አገር ካርታ ላይ የለችም፣ ሩሲያ፣ ፕራሻና ኦስትሪያ ተቃርጠዋታል። በ1914 ሲሞትም ገና አልተመለሰችም።

«የገበሬ ልጅ መሳል ምኑ ነውር ሆኖ ነው የተሰደበበት?»

ጥሩ ጥያቄ፣ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው። የምታወራው «ባብዬ ላቶ» ስለሚባለው የ1875 ሥዕል ነው። ስሙ መኸር ላይ፣ ብርዱ ከመግባቱ በፊት ብቅ የሚሉትን ሞቃት ቀናት ይጠራል። በእነዚያ ቀናት አየር ላይ የሚንሳፈፈውም የሸረሪት ድር በዚሁ ስም ነው የሚጠራው። ሥዕሉ ላይ አንዲት እረኛ ሜዳው ላይ በጀርባዋ ተንጋላ፣ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ አንዲት የድር ክር ይዛለች። ውሻዋ ጀርባውን ሰጥቶን ከብቶቹን ያያል፣ እሷ የተወችውን ሥራ እሱ የያዘላት ይመስላል። ጫማ የላትም። እግሯ በአፈር ቆሽሿል። የዋርሶ ተቺዎችን ያንጨረጨራቸው ይኼ እግር ነው! ገበሬ ይሳል ቢባል እንኳ ታጥቦ፣ ለብሶ፣ ለሳሎን ግድግዳ የሚሆን ገበሬ ነበር የሚፈልጉት። በእኔ እይታ ያ አፈር ባይኖር ሥዕሉ የፖስታ ካርድ ይሆን ነበር።

በነገራችን ላይ ይህን የሳለው ዋርሶ አንድ ሆቴል ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር በሚጋራው ስቱዲዮ ነው። ከጓደኞቹ አንዱ፣ ፖላንዶች በሩሲያ ላይ በተነሱበት በ1863ቱ አመፅ አንድ እግሩን ያጣው አዳም ኽሚየሎቭስኪ፣ ኋላ ሥዕሉን ትቶ መነኮሰ። ወንድም አልበርት ተብሎ በ1989 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ብላዋለች። ኼውሞንስኪ ግን ዋርሶ አኩርፋበት በዚያው ዓመት ወደ ፓሪስ ሄደ።

«ፈረሶቹን ከፎቶ ነው የገለበጣቸው?»

አይ፣ በአብዛኛው ከጭንቅላቱ ነው። አንዴ ያየውን አይረሳም ይሉት ነበር። «አራቱ ፈረሶች» የሚባለውን የዩክሬን ሜዳ ሥዕሉን በ1881 የጨረሰው ፓሪስ ተቀምጦ ነው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፓሪስ 12 ዓመት ገደማ ሲቆይ ሀብታም አሜሪካውያን ፈረስና የበረዶ ጋሪ እየፈለጉ ስለሚገዙት ያንኑ ነገር እየደጋገመ መሳል ጀምሮ ነበር። ገንዘቡ ገባ፣ ሥዕሉ ግን ወረደ።

«ትዳር ነበረው?»

በ1878 አግብቷል። አልዘለቀም። ወደ አገሩ ተመልሶ በ1889 ኩክሉፍካ የምትባል ገጠር ውስጥ ከእንጨት የተሠራ ቤት ገዛና እስኪሞት እዚያው ኖረ። ጭር ያሉት ምርጥ ሥዕሎቹ የዚያ ዘመን ናቸው። በረዶ ላይ ተኮራምተው የሚሄዱትን ቆቆች ብቻ ፈልጋችሁ እዩ።

«የሳላቸው ሽመላዎች እኛ ጋ የሚመጡት ናቸው ወይ?» (ከሐዋሳ)

አዎ እህቴ፣ ዘሩ አንድ ነው። አሞራ ገደል ዓሣ የሚለምነውን አባ ኮዳ ማለቴ ግን አይደለም፣ ነጩን፣ ክንፉ ጫፍ ጥቁር፣ መንቁሩና እግሩ ቀይ የሆነውን ነው። ሽመላ ክንፉን ዘርግቶ ከመሬት በሚነሳ ሞቃት አየር ላይ መንሳፈፍ ይወዳል፣ ባሕር ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ አየር እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ከፖላንድ የሚነሳው ሜዲትራኒያንን ዞሮ በቱርክ፣ በእስራኤልና በሲና አድርጎ ወደ ሱዳን ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይቀጥላል። ከፊሉ እኛ ጋ ይደርሳል። በመጋቢትና በሚያዝያ ተመልሶ ፖላንድ ጣሪያ ላይ ጎጆውን ይሠራል። በ1900 በሳለው «ሽመላዎች» ላይ ያለው ይኼው ነው፦ ባዶ እግሩን መሬት ላይ የተቀመጠ አራሽ ምሳውን አቋርጦ፣ ልጁም አጠገቡ ቆሞ፣ ሁለቱም አንጋጠው ሰማይ ያያሉ። በሬዎቹ ከኋላ አሉ። ጎጃም ወይም አርሲ ያደገ ሰው መግለጫ ሳያነብ ይገባዋል።

«ፖላንድ ተማሪ ነኝ። የት ላያቸው?»

እረኛዋ፣ ቆቆቹና ሽመላዎቹ ዋርሶ ብሔራዊ ሙዚየም ናቸው። አራቱ ፈረሶች ክራኩፍ ናቸው፣ ትልቁ አደባባይ መሃል ባለው ሱኪየኒትሴ በሚባለው የድሮ የገበያ አዳራሽ ፎቅ ላይ። ወርዱ 6 ሜትር ከ60፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ75 ነው። ፈረሶቹ ጭቃውን እየረጩ ቀጥታ ወደ አንተ ነው የሚመጡት። መሃሉ ላይ ቁምና ወደ ጎን ፈቀቅ ካላልክ ንገረኝ።