ለሳይት ሥራ የሚሆን ቀላል ላፕቶፕ

የሐዋሳዋ እህቴ፣ እንዴት ሰነበትሽ? በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። አንድ ዓመት ከአራት ወር ሥራ ስትፈልጊ ቆይተሽ አሁን ማግኘትሽ ከልቤ አስደስቶኛል።

ደብዳቤሽን ላላዩ አንባቢዎች ባጭሩ ልንገራቸው። ይህች እህታችን በአካውንቲንግ ተመርቃለች። እሸት ቡና ገዝቶ የሚያጥብ አንድ ድርጅት ተዘዋዋሪ አካውንታንት አድርጎ ሊቀጥራት ነው። ቤቷ ሐዋሳ ነው። ሥራው ግን ይርጋለም፣ አለታ ወንዶና በንሳ ባሉ ሳይቶች ላይ ነው። «ላፕቶፕ የራስሽን ይዘሽ ነይ» ተብላለች። እቁብ ወጥቶላት 40 ሺህ ብር በእጇ አለ። ወንድሟ ቀጭን ብራንድ ኒው ግዢ ይላታል። ጓደኛዋ ደግሞ ትንሽ ተበድረሽ ትልቅ ስክሪን ያለው ጌሚንግ ላፕቶፕ ውሰጂ ትላታለች። የእሷ ጥያቄ አንድ ነው፤ «በዚህ ብር የትኛውን ብገዛ ለመንገድ ይቀለኛል?»

ወደ ላፕቶፑ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ውልሽ እናውራ። «የራስሽን ይዘሽ ነይ» ያሉሽ በቃል ነው ወይስ በጽሑፍ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 እንደሚለው፣ በሥራ ውሉ ላይ በሌላ አኳኋን ካልተገለጸ በቀር ለሥራው የሚያስፈልገውን መሣሪያ የሚያቀርበው አሠሪው ነው። ይህን የምነግርሽ ገና ሳትጀምሪ ተጣዪ ለማለት አይደለም። ግን በለሰለሰ አንደበት መጠየቅ ነውር የለውም። እንዲህ በያቸው፦ «በራሴ ላፕቶፕ እሠራለሁ። ሥራ ላይ ቢበላሽ ጥገናውን ማን እንደሚሸፍን ውሉ ላይ ብናሰፍረው ደስ ይለኛል።» በወር ትንሽ አበል ቢጨምሩልሽ እሰየው። ባይጨምሩም የሒሳብ ሶፍትዌሩን እነሱ እንዲጭኑልሽ አድርጊ። ያንን ከኪስሽ አትክፈዪ።

ደግሞ የሙከራ ጊዜሽ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አልሆነም ካሉሽ ያለ ማስጠንቀቂያ ያሰናብቱሻል። ስለዚህ ሙከራሽን ሳትጨርሺ ለላፕቶፕ ብለሽ ብድር ውስጥ እንዳትገቢ። የጓደኛሽ ሐሳብ እዚህ ላይ ወደቀ።

አሁን ክብደቱ። ባለ 15.6 ኢንች ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ 2 ኪሎ አካባቢ ነው። ጌሚንግ የሚባለው ከዚያም ያልፋል። ቻርጀሩም ለብቻው ሸክም ነው። 2 ኪሎ ምንም ካልመሰለሽ አንድ ነገር ሞክሪ። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሙዪና ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ። ከአቶቴ እስከ ፒያሳ በእግርሽ ሂጂ። ከዚያ ባጃጅ ውስጥ ሦስተኛ ሆነሽ ተቀመጪና ቦርሳውን ጭንሽ ላይ ያዢው። በነጋታው ከአንድ ሊትር ትንሽ በለጥ ያለ ውሃ ሞልተሽ ድገሚው። ልዩነቱን ትከሻሽ ይነግርሻል። ሃይሩፍ ላይ ረዳቱ «ቦርሳውን ጣራ ላይ ልጫነው» ሲል እምቢ ማለት የምትችዪው ጭንሽ ላይ የሚያዝ ከሆነ ብቻ ነው።

እኔ ይህን ያወቅኩት ዲላ መንገድ ላይ ነው። ያኔ መረጃ እየሰበሰብኩ ከወረዳ ወረዳ እዞር ነበር። ላፕቶፔ ትልቅና ከባድ ነበር። ጭኔ ላይ ስለከበደኝ እግሬ ስር ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። ውስጡ የነበረው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ወለሉ ይመታዋል። ማታ አልጋ ቤት ገብቼ ስከፍተው ጥቁር ስክሪን ላይ ዲስክ አልተገኘም የሚል አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ መጣ። የሦስት ቀን መረጃ ከወረቀት ላይ እንደገና ጻፍኩ። ስለዚህ ለመንገድ የሚሆን ላፕቶፕ ኤስኤስዲ፣ ማለትም ፋይሉን በቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ ዲስክ፣ ሊኖረው ግድ ነው። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር የለም። መንገጫገጭ እንደዚያ አይጎዳውም።

ግን እህቴ፣ ላንቺ ሥራ ከክብደቱም የሚበልጠው ባትሪው ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ። የተለቀመ እሸት ቡና በዚያው ቀን መፈልፈል አለበት። ገበሬው ቀን ይለቅምና ወደ 10 ሰዓት ገደማ ይዞ ይመጣል። ያኔ ሚዛኑ ላይ ሰልፍ ነው። ያንቺ ዋና ሥራ የሚጀምረው ሌላው ሰው ከቢሮ ሲወጣ ነው ማለት ነው። አንዳንድ ቀን እስከ ምሽቱ 4 እና 5 ሰዓት ትቆያለሽ። መብራት ከሌለ ጀኔሬተር ይነሳል። መፈልፈያው ሲነሳ ደግሞ አምፖሉ ድርግም ብሎ ይመለሳል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ በዚያች ቅጽበት ይጠፋል። የሒሳብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪ ተከፍቶ እየመዘገብሽ ኮምፒውተሩ ድንገት ከጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ከዚያ የዕለቱ የእሸት ግዢ የት ደረሰ ተብለሽ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ጥሩ ባትሪ ሒሳብሽን የሚጠብቅልሽ ዘብ ነው።

ለዚህ ነው ቀላል ላፕቶፕ ሲባል ኪሎውን ብቻ እንዳታዪ የምለው። 1 ኪሎ የሚመዝን፣ ግን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሶኬት የሚያስፈልግሽ ላፕቶፕ አልቀለለም። ቻርጀር፣ ዲቫይደርና ጭንቀት ያሸክምሻል።

ወንድምሽ ወዳለው ቀጭን ብራንድ ኒው ልምጣ። በ40 ሺህ ብር አካባቢ የሚገኘው አዲስ ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ 4 ጂቢ ራም (ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚጠቀሙበት ጊዜያዊ ማህደር) እና 64 ወይም 128 ጂቢ ኢኤምኤምሲ (ከኤስኤስዲ የሚያንስ ርካሽ የፋይል ማከማቻ) ያለው ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ዝቅተኛ ብሎ ያስቀመጠው 4 ጂቢ ራም እና 64 ጂቢ ማከማቻ ነው። አዲሱ ዕቃ እንግዲህ የሚነሳው ከመጨረሻው ደረጃ ነው። አፕዴት ሁለት ሦስት ጊዜ ሲወርድበት ሊሞላ ይችላል። ኢኤምኤምሲው ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ቀይሪልኝ ብትዪ አይቀየርም። ራሙም አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያው ነው። ያምራል፣ ይቀልላል፣ ፕላስቲኩ ገና አልተላጠም። ለትልቅ የኤክሴል ፋይልና ለፒችትሪ ግን አልመክርሽም። ወንድምሽ አዲስ ዕቃ እንዲኖርሽ የፈለገው በፍቅር ነው፤ አመስግኚው።

ቴሌግራም ላይ በርካሽ የምታዪውን ክሮምቡክም እለፊው። ዊንዶውስ አይደለም፤ ፒችትሪ አይጫንበትም።

የኔ ምክር ዩዝድ የቢሮ ላፕቶፕ ነው። ውጭ አገር ትልልቅ ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው ገዝተው ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚቀይሯቸው ማለቴ ነው። ሲሠሩ ጀምሮ ለሚንቀሳቀስ ሰው የታሰቡ ናቸው። ማጠፊያቸው ጠንካራ ነው። ኪቦርዳቸው ቀኑን ሙሉ ቁጥር ለሚያስገባ ሰው ይመቻል። ቲንክፓድ ኤክስ 280፣ ዴል ላቲቲውድ 7290 እና ኤችፒ ኤሊትቡክ 830 ጂ5 ስክሪናቸው ከ12.5 እስከ 13.3 ኢንች ነው። ክብደታቸውም ከ1.2 እስከ 1.4 ኪሎ አካባቢ። ሦስቱም በታይፕ ሲ ቻርጅ ይደረጋሉ። አንድ ጥሩ ቻርጀር ለስልክሽም ለላፕቶፕሽም ይበቃል። ኤክስ 280 ላይ ግን ራሙ የተበየደ ነው። ስለዚህ 8 ጂቢ ያለውን ካላገኘሽ ተይው። ኤሊትቡኩ ራም መጨመሪያ ስላለው ወደፊት ብር ስታገኚ ታሳድጊዋለሽ።

እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን ግን ቲንክፓድ ቲ 480ንም ሳላይ አልገዛም። 14 ኢንች ነው፤ ከ1.6 ኪሎ ይጀምራል። ከሌሎቹ ትንሽ ይከብዳል። ነገር ግን ሁለት ባትሪ አለው። አንዱ ውስጥ ነው፣ ሌላው ከኋላ የሚነቀል። የኋላውን ነቅለሽ ሌላ ስትሰኪ ኮምፒውተሩ አይጠፋም፤ የውስጡ ይዞት ይቆያል። መብራት አስቸጋሪ የሆነበት ሳይት ላይ ሁለት ሌሊት ለሚያድር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በንሳ የምታድሪ ከሆነ ቲ 480፣ ማታ ማታ ሐዋሳ የምትመለሺ ከሆነ ከትንንሾቹ አንዱ።

እነዚህን የመረጥኩት በዘፈቀደ አይደለም። ሁሉም በኢንቴል 8ኛ ጄኔሬሽን ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) ይገኛሉ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያለውን ነው። ሻጩ «ይሄ 7ኛ ነው፣ ልዩነት የለውም፣ ዊንዶውስ 11 ጭነንበታል» ካለሽ አትስሚው። በግድ ይጫናል፤ ነገ አፕዴት ላይ ሊያስቸግርሽ ይችላል። የሰው ሒሳብ የምትይዢበት ዕቃ ላይ የደህንነት አፕዴት መቋረጥ የለበትም። ብሩ ካልበቃሽ ስክሪኑን ወይም መልኩን ቀንሺ፤ ትንሽ የተጫረ ይሁን። ከ8ኛ በታች ግን አትውረጂ።

ዋጋው ከዶላሩ ጋር ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ ቢያንስ ሦስት ቤት ሳትጠይቂ አትግዢ። ቴሌግራም ላይ ዋጋ ማየት ጥሩ ነው። ገንዘብ አስቀድሞ መላክ ግን በፍጹም።

ሱቅ ስትገቢ አትቸኩዪ። ግማሽ ሰዓት እፈልጋለሁ በይ። ቻርጀሩን አስነቅይና በባትሪ አስከፍቺው። በመጀመሪያ አጥፍተሽ ስታበሪው ባዮስ ውስጥ ግቢ፤ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈት የማስተካከያ ገጽ ነው። የምትጫኚው ቁልፍ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ 1፣ ዴል ላይ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10 ነው። ፓስወርድ ከጠየቀሽ ዕቃው የድሮ ድርጅቱ ቁልፍ አልተፈታለትም ማለት ነው። መልሺው።

ቀጥሎ ባትሪው። ሲኤምዲ (ትዕዛዝ የሚጻፍበት የዊንዶውስ ጥቁር መስኮት) ክፈቺና በእንግሊዝኛ ፊደል «powercfg /batteryreport» ብለሽ ጻፊ፤ ከስላሹ በፊት ክፍተት አለ፤ ከስላሹ በኋላ ያለውን ሳትለያዪ አንድ ላይ። ኢንተር ስትዪ ፋይሉን የት እንዳስቀመጠው ይነግርሻል። ስትከፍቺው ሁለት ቁጥር ፈልጊ። ዲዛይን ካፓሲቲ ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረው አቅም ነው። ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ አሁን የቀረው ነው። የመጀመሪያው 50,000 ሆኖ ሁለተኛው 40,000 ከሆነ 80 በመቶ ቀርቶታል። ቁጥሩ በሚሊ ዋት ሰዓት ስለሆነ ያ ማለት 40 ዋት ሰዓት ነው። የኤክሴልና የፒችትሪ ሥራ በሰዓት 8 ዋት ሰዓት ገደማ ቢወስድ አምስት ሰዓት ይሠራልሻል። ከ60 በመቶ በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከላዩ ላይ እንዲቀነስልሽ ተደራደሪ። ለቲ 480 ሁለቱም ባትሪዎች ለየብቻ ተዘርዝረው ይመጣሉ።

ሻጩ «ባትሪው ገና ነው» እያለ ቁጥሩን ለማሳየት ካቅማማ ምክንያት አለው።

ከዚያ ኖትፓድ ከፍተሽ ኪቦርዱ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ፊደልና ቁጥር ንኪ። ቁጥሮቹን ሁለት ጊዜ። ነጭ ገጽ ከፍተሽ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ነጥብ ወይም ደብዛዛ ጥግ እንዳለ እዪ። ወደ በሩ ውሰጂውና ፀሐይ ላይ ይነበብ እንደሆነ ሞክሪ፤ ሳይት ላይ ሚዛኑ አጠገብ የምትቀመጪው ደጅ ነውና። የታይፕ ሲ ቀዳዳውን ቻርጀር ሰክተሽ ትንሽ ነቅነቅ አድርጊው፤ መቋረጥ የለበትም። በመጨረሻ ሲሪያል ቁጥሩ የተጻፈበት ደረሰኝ ያዢ። የተሰረቀ ዕቃ ጣጣ እንዳያመጣብሽ።

40 ሺውን ሁሉ ላፕቶፑ ላይ እንዳታውይው። 5 ወይም 6 ሺህ ብር አስቀሪ። ላፕቶፑ ጭንሽ ላይ የሚያርፍበት፣ ውስጡ ስፖንጅ ያለው ቦርሳ ያስፈልግሻል። ቻርጀሩ ላይ ኢንፑት 100-240 የሚል ጽሑፍ ይኑረው። የጀኔሬተሩ ኃይል ከፍ ዝቅ ሲል እንዲችል ነው። ጀኔሬተሩ ሲነሳና ሲጠፋ ደግሞ ቻርጀርሽን ንቀዪ፤ ከተረጋጋ በኋላ መልሰሽ ስኪ። ባትሪሽ ደህና ከሆነ እነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ምንም አይጎዱሽም።

በቀረሽ ብር ሁለት ፍላሽ ግዢ። ማታ ሚዛኑ ሲዘጋ፣ እጅሽን ሳትታጠቢ፣ የዕለቱን ፋይል ቀኑን ስሙ ላይ ጽፈሽ ሁለቱም ላይ ገልብጪ። አንዱ ሳይቱ ላይ ካዝና ውስጥ ይደር። ሌላው ጃኬትሽ ኪስ ውስጥ ይሁን፤ ከላፕቶፑ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አታስቀምጪው።