ላፕቶፑን ስትልኩ ዋስትናው አብሮ አይሳፈርም

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ላፕቶፕ በፌስታል ይዞ መኪናዬ አጠገብ የሚጠብቀኝ ሰው አላጣም። ዋሽንግተን አካባቢ ኮምፒውተር መጠገን ከጀመርኩ አሥራ ስምንት ዓመት አልፎኛል። መጀመሪያ የምጠይቀው «ዋስትናው አላለቀም ወይ?» ብዬ ነው። መልሱ ሁሌም «እኔ እንጃ» ነው። ደረሰኙ የለም። ካርቶኑ ተጥሏል። አንዳንዱ ጭራሽ በነጻ የሚቀየርለትን ዕቃ ጥገና ቤት ከፍሎ አስቀይሮ ይመጣል። ሁለት ሥራ ተሠርቶ፣ ሌሊት ታድሮ የመጣ ገንዘብ ነው። ያናድደኛል። ዛሬ በግልጽ ልናገር፤ የሚቀየምም ይቀየም።

1. ደረሰኝ

የገዛችሁ ዕለት ደረሰኙንና ዕቃው ላይ ያለውን መለያ ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩ። በቃ።

2. መብታችሁ

አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ያላችሁ፣ ከሱቅ ለገዛችሁት አዲስ ዕቃ ቢያንስ የ2 ዓመት ሕጋዊ ዋስትና አላችሁ። ተጠያቂው የሸጠላችሁ ሱቅ ነው። «አምራቹ ጋ ደውሉ» ብሎ ሊሸኛችሁ ሲሞክር እሺ አትበሉ። እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ ዕቃው ጉድለት ካለበት በ30 ቀን ውስጥ መልሳችሁ ሙሉ ገንዘባችሁን መጠየቅ ትችላላችሁ።

አሜሪካ እንደዚያ አይደለም። የዋስትናውን ርዝመት የሚወስነው አምራቹ ነው፤ ለላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ 1 ዓመት ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ማግነሰን ሞስ የሚባል የዋስትና ሕግ አለ። ዕቃው ላይ «ይህ ከተነሳ ዋስትናው ይሰረዛል» የሚል ተለጣፊ ስታዩ አትደንግጡ። የፌደራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲህ ዓይነት ነገር ለሚጠቀሙ ኩባንያዎች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ልኳል። ራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ስለጨመራችሁ ብቻ ዋስትናችሁ አይወድቅም። ራሳችሁ የሰበራችሁት ወይም ቡና የፈሰሰበት ግን የእናንተው ዕዳ ነው።

ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝታችሁ የገጠማችሁ ከሆነ እያንዳንዱ የራሱ ዋስትና አለው። ፋይላችሁ የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስክ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ነው። ራም አብዛኛውን ጊዜ የዕድሜ ልክ ነው። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ መብራት የሚያከፋፍለው ክፍል) እስከ 10 ዓመት የሚሰጠው አለ። የኮምፒውተር አንጎል የሆነውን ፕሮሰሰር የሚሠራው ኢንቴል በ13ኛውና በ14ኛው ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ላይ ችግር ሲገኝ እ.ኤ.አ. በ2024 ዋስትናቸውን በ2 ዓመት አራዝሟል። ይህን ሳይሰማ አዲስ የገዛ ሰው አውቃለሁ። ኮምፒውተሩ ተገጣጥሞ የተሸጠላችሁ ከሆነ ግን ዲስኩ ላይ ያለውን ስም አይታችሁ ወደ ዲስኩ አምራች አትደውሉ። የሚመለከተው ኮምፒውተሩን የሠራው ኩባንያ ነው።

3. ስትደውሉ

«እንግሊዝኛዬ አይበቃም» ብላችሁ መብታችሁን አትተዉ። መደወል ከከበዳችሁ በቻት ጻፉላቸው። የሞከራችሁትን በአጭሩ ንገሯቸው፦ ራሙን ሌላ ማስገቢያ ላይ አድርጌ አየሁት፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይም አልሠራም። አር ኤም ኤ የሚባል የመመለሻ ቁጥር ይሰጧችኋል። እሱን ሳትይዙ ምንም እንዳትልኩ። የፖስታውን መከታተያ ቁጥር ያዙ። ዲስክ ከሆነ የላካችሁት ራሱ ተመልሶ አይመጣም፤ የልጆቻችሁን ፎቶ አስቀድማችሁ ገልብጡ።

4. አገር ቤት የላካችሁት

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ነገር ልምጣ። ስንቶቻችን ነን ላፕቶፕ ገዝተን፣ በልብስ ጠቅልለን፣ በሚሄድ ሰው ሻንጣ የላክነው? ብዙ አምራቾች ዋስትናውን የሚሰጡት ዕቃው በተሸጠበት አገር ብቻ ነው። ዓለም አቀፍ ዋስትና የሚሰጡም ስላሉ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ሳትልኩት እዚሁ ሁለት ሳምንት ተጠቀሙበት። የፋብሪካ ጉድለት ብዙ ጊዜ ቶሎ ይታያል። ከአሜሪካ ዴስክቶፕ የምትልኩ፣ ፓወር ሰፕላዩ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ መቀየሪያ ካለ 230 ላይ አድርጉት። አገር ቤት መብራቱ 220 ቮልት ነው። 115 ላይ እንዳለ ከተሰካ ይቃጠላል፤ ዋስትናም አያድነውም። ስታቢላይዘር መግዣ ጨምሩላቸው።

ይሄ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ ዝምታቸው ነው።

ለታናሽ እህቴ ደሴ ላፕቶፕ ላክሁላት። የመመረቂያ ጽሑፏን የምትጀምርበት ጊዜ ነበር። ያኔ ስልክ ላይ ያልኳት ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። «ስንት ሌሊት ቆሜ ነው የገዛሁት፤ አደራሽን እንዳታበላሺው!» አልኳት። በአራተኛው ወር ዲስኩ ሞተ። አልነገረችኝም። በየሳምንቱ እንደዋወላለን። «ላፕቶፑ ደህና ነው?» እላታለሁ። «ደህና ነው ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ትለኛለች።

ለካ እሷ ኢንተርኔት ቤት በሰዓት እየከፈለች ነው የምትጽፈው። የምትከፍለው ደግሞ ለቀለቧ ብዬ ከምልክላት ላይ ቀንሳ ነው። እናታችን ታውቃለች። ጎረቤት ያውቃል። የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የሰማሁት ከተመረቀች በኋላ፣ ላፕቶፑን በገዛሁ በአሥራ አራተኛው ወር ነው። ዋስትናው 1 ዓመት ነበር።

በነጻ የሚቀየር ዲስክ ነበር! በሚመጣ ሰው አስመጥቼ፣ አስቀይሬ፣ በሌላ ሰው መልሼ እሰድላት ነበር። ቀን ሙሉ የማላውቀውን ሰው ኮምፒውተር ስጠግን እየዋልኩ፣ የገዛ እህቴ ምሳዋን እየዘለለች ኢንተርኔት ቤት ወረፋ ትጠብቅ ነበር። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «አደራ ብለኸኝ በምን አፌ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ዝም ያሰኘኋት እኔው ነኝ።

እና እባካችሁ፣ ስትልኩ ስለ ድካማችሁ አታውሩ። ድካማችሁን ያውቁታል፤ ዝም የሚሉትም ስለሚያውቁት ነው። «ዕቃ ነው፣ ይበላሻል። የተበላሸ ዕለት ደውሉልኝ፤ እስከዚህ ቀን ድረስ በነጻ ይቀየርልኛል» በሏቸው። ቀኑን ጽፋችሁ ከላፕቶፑ ሥር ለጥፉት። ለእናትም፣ ለአባትም፣ ለልጆቹም ንገሩ፤ አንዱ ቢያፍር ሌላው ይደውላል። «ደህና ነው?» ብላችሁም አትጠይቁ። እኛ ዘንድ የዚህ ጥያቄ መልስ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ ነው። ይልቅ እንዲህ ጠይቁ፦ ለመክፈት ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? ይጮሃል? ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል? አብጧል? ያበጠ ከሆነ አጥፍተው ያስቀምጡት፤ ያበጠ ባትሪ በአውሮፕላን አይላክም።

ባለፈው ጥር እህቴ በሌሊት ደወለችልኝ። ደንግጬ ተነሳሁ። «ጋሼ፣ የልጁ ኮምፒውተር ስክሪኑ ላይ መስመር አወጣ። ከሥሩ የጻፍከው ቀን ሊደርስ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው» አለችኝ። መብራት አበራሁና እስክሪብቶ ፈለግሁ። መለያ ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበበችልኝ።