ቁልቁለት ባትሪ ይሞላል? ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ፍሬን ለጠየቃችሁኝ

በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ጅማ ውስጥ ድምፅ የሌለው መኪና በዝቷል። ጥያቄውም አብሮ በዛ። እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ካርቡሬተር ስፈታ ያደግኩ ሰው ነኝና ይሄን ነገር እንደ እናንተው በልምድ ነው የተማርኩት። በጣም የተደጋገመው ጥያቄ ስለ ሪጀን ነው። ማለትም እግራችሁን ከነዳጅ ፔዳሉ ስታነሱ (ነዳጅ ባይኖርም ስሙ አልቀረም) መኪናው ራሱን የሚይዝበትና ባትሪ የሚሞላበት ነገር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከወልቂጤ ወደ ጊቤ ስወርድ የባትሪው ፐርሰንት ጨመረ። እንዴት ነው ነገሩ? ነፃ ነው ማለት ነው?

ነፃስ አይደለም። ዳገቱን ስትወጣ የከፈልከውን ነው ከፊሉን የሚመልስልህ።

ልጅ ሆነህ ዳይናሞ ያለው ሳይክል ነድተህ ታውቃለህ? ዳይናሞውን ጎማው ላይ ስታስደግፈው መብራቱ ይበራል፤ ፔዳሉ ግን ይከብዳል። ሪጀንም ይሄው ነው። መኪናህን የሚነዳው ሞተር ጎማው መልሶ ሲያዞረው ጀነሬተር ይሆናል። የሚከብደው ነገር ነው ፍሬን የሚሆንህ። ምን ያህል እንደሚከብድ የሚወስነው ኢንቨርተሩ፣ ማለትም በባትሪውና በሞተሩ መካከል ኃይሉን የሚቆጣጠረው ሳጥን ነው።

ሒሳቡን እንየው። 1,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና 800 ሜትር ቁልቁል ቢወርድ ያለው ጉልበት 3.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ላይ አየሩና ጎማው ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ሞተሩና ባትሪውም ትንሽ በሙቀት ያባክናሉ። ባትሪህ ውስጥ 2 ኪሎዋት ሰዓት ከገባ ጥሩ ነው። በ100 ኪሎሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ለሚበላ መኪና 13 ኪሎሜትር ያህል መንገድ ነው። ደስ ይላል አይደል? ድልድዩን ተሻግረህ ወደ አበልቲ ሽቅብ ስትል ደግሞ ቆጥሮ ይቀበልሃል።

ጥያቄ፦ ቤቴ ጅሬን፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ብዙም አይርቅም። ሌሊት 100 ፐርሰንት ሞልቼ ጠዋት ወደ ከተማ ስወርድ መኪናው አይዝልኝም። ማታ ግን በደንብ ይይዛል። ተበላሸብኝ?

አልተበላሸም። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ዋናው ይሄ ነውና ረዘም አድርጌ ልመልስ።

የሞላ ጀሪካን ላይ ውኃ ብትጨምር የት ይገባል? ባትሪህ ሙሉ ከሆነ ከጎማው የሚመጣውን ኃይል የሚቀበል ቦታ የለም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሪጀኑን ይቀንሰዋል ወይም ጨርሶ ያጠፋዋል። ማታ ባትሪህ ስለጎደለ ቦታ አለው፤ ይይዛል። ጠዋት ባትሪው ቀዝቅዞ ከሆነም ቶሎ አይቀበልም፤ ግን የጅማ ብርድ ለዚያ ያን ያህል አያሳስብም። ያንተ ችግር መሙላቱ ነው።

በእኔም ደርሷል። የደንበኛ መኪና ሙሉ ቻርጅ አድርጌ ለሙከራ ይዤው ወረድኩ። ከፊቴ ኬሻ ጣሪያው ድረስ የጫነ ባጃጅ ነበር። እንደለመድኩት እግሬን አነሳሁ። መኪናው ምንም አላለም፤ እንደውም ፈጠነ። እግሬ ፍሬኑን እስኪያገኝ የባጃጁ የኋላ ሸራ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ቁልጭ አድርጌ አነበብኩት። ፍሬኑ ሠርቷል፤ እኔ ነኝ የዘገየሁት። ሪጀን እግርን ያሰንፋል።

ስለዚህ ሁለት ነገር አድርግ። ቁልቁለት አናት ላይ የምታድር ከሆነ ቻርጁን 80 ወይም 85 ላይ እንዲያቆም አስተካክለው። መንገዱ የቀረውን ይሞላልሃል። ሁለተኛ፣ ከግቢህ እንደወጣህ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ እግርህን አንሳና ይይዝ እንደሆነ ሞክረው። ካልያዘ እስከ ታች በፍሬን እንደምትወርድ ቀድመህ ታውቃለህ። በቀስታ ጀምር፤ ሳይፈጥንብህ ያዘው።

ጥያቄ፦ ሪጀኑን ጠንካራው ላይ ላድርገው ወይስ ደካማው ላይ?

እንደ መንገዱ ነው። አቀያየሩም እንደ መኪናው ይለያያል። ቢዋይዲ ላይ ሜኑ ውስጥ ሁለት ደረጃ ታገኛለህ። የፎልክስዋገን አይዲዎቹ ማርሻቸው ላይ ዲ (ደካማው) እና ቢ (ጠንካራው) አላቸው። አንዳንድ ሂዩንዳይ ደግሞ መሪው ጀርባ ባሉት ሁለት መቅዘፊያዎች ከፍና ዝቅ ይላል።

መርካቶ አካባቢ፣ ባጃጅ በግራም በቀኝም በሚገባበት፣ ጠንካራው ይሻላል። ረጅምና ሜዳ አስፋልት ላይ ግን ደካማው። ብዙ ሰው ጠንካራው ሁልጊዜ የበለጠ ይቆጥባል ይላል፤ ስህተት ነው። ኃይል ወደ ባትሪ ሲገባም ሲወጣም ቀረጥ ይከፍላል። ሜዳ ላይ መኪናው በራሱ ግፊት ቢንሸራተትልህ ቀረጥ የለውም። ሪጀን ትርፍ የሚያመጣው መቀነስህ የግድ ሲሆን ነው።

ጥያቄ፦ ከአጋሮ ወደ ቡና ማሳችን የሚያስገባው መንገድ ክረምት ላይ ጭቃ ነው። እዚያስ?

ደካማው ላይ አድርገው። ፍሬን ስትረግጥ አራቱም ጎማ ይያዛል፤ ሪጀን ግን ሞተር ያለበትን ጎማ ብቻ ነው የሚይዘው። ቢዋይዲ ሲጋል የፊቱን ይይዛል፤ ጭቃ ላይ መሪው እምቢ ሊልህ ይችላል። አይዲ 4 ባለ አንድ ሞተሩ የኋላውን ይይዛል፤ ጅራቱ ሊወጣብህ ይችላል። ጎማው ሲንሸራተት ኮምፒውተሩ ሪጀኑን ይለቀዋል። ያኔ መኪናው ድንገት የተፈታ ይመስልሃል። አትደንግጥ፤ ፍሬንህን ያዝ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በዚህ መኪና በተሳፈረች ቁጥር ያጥወለውላታል። በነዳጁ እንዲህ አልነበረችም።

ጥፋቱ የመኪናው ሳይሆን የእግርህ ነው፤ ይቅርታ አድርግልኝ። ፔዳሉን ድንገት ትለቃለህ፤ መኪናው ያዝ ያደርጋል፤ ደግሞ ትረግጣለህ። እሷ በየሜትሩ ትነቀነቃለች። ቡና ስትቀዳ አይተሃት ታውቃለህ? ጀበናውን በአንዴ አትደፋውም፤ ቀጭን አድርጋ፣ ሳታቋርጥ ነው። እግርህንም እንደዚያው ቀስ እያልክ አንሳ። ለጥቂት ሳምንት ደካማው ላይ ንዳላት።

ጥያቄ፦ የእኔ ሃይብሪድ ቶዮታ ነው። ማርሹ ላይ ያለችው "ቢ" ባትሪ ትሞላለች ይሉኛል። እውነት ነው?

ቢ ማለት ባትሪ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም። ቶዮታ ፕሪየስን ጃፓን ውስጥ በ1997 (በእነሱ አቆጣጠር) ካወጣ ጀምሮ ይሄ ወሬ አልጠፋም። የሃይብሪድ ባትሪ ትንሽ ነው፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ቶሎ ይሞላል። ቢ ላይ ስታደርገው የነዳጁ ሞተር ነዳጅ ሳይበላ እየዞረ አየር ያምቃል፤ መኪናውን የሚይዘው በዚያ ነው። የድሮ ሹፌር "በማርሽ ያዘው" የሚለው ነገር ነው። ጊቤ በረሃ ስትወርድ ተጠቀምበት፤ የፍሬን ሸራህ አይግልም። ከተማ ውስጥ ግን ዲ ላይ ሆነህ ፍሬኑን ለስለስ አድርገህ ብትረግጥ የበለጠ ይመለስልሃል። መጀመሪያ የሚሠራው ሪጀኑ ነው፤ ሸራው የሚነካው ጠንከር ስታደርገው ወይም ልትቆም ስትል ነው።

ጥያቄ፦ እግሬን ሳነሳ ከኋላ ስቶፕ ይበራል?

ጠንከር ብሎ ሲይዝ ይበራል። የተባበሩት መንግሥታት የመኪና ደንብ ፍጥነቱ በየሰከንዱ ከ1.3 ሜትር በሰከንድ በላይ ከቀነሰ እንዲበራ ያስገድዳል፤ ከ0.7 በታች ከሆነ አይበራም። መሃሉ ላይ ለአምራቹ ተትቷል። የራስህን ማየት ከፈለግህ ማታ አንድ ሰው ከኋላ ይከተልህ።

ጥያቄ፦ ሸራ እንግዲህ አይቀየርም ማለት ነው?

በጣም ይቆያል። ችግሩ ሌላ ነው፤ ሳይሠራ ይዝጋል። በጅማ ዝናብ ሳምንት የቆመ መኪና ዲስኩ ቡናማ ሆኖ ታገኘዋለህ። በሳምንት አንዴ ባዶና ሜዳ መንገድ ላይ፣ ከኋላህ ሰው አለመኖሩን አይተህ፣ ፍሬኑን ደህና አድርገህ ደጋግመህ ያዘው፤ ዝገቱን ይጠርገዋል። የፍሬን ዘይቱም ነዳህ አልነዳህ እርጥበት ይስባል። በመኪናው መጽሐፍ መሠረት አስቀይረው።

ጥያቄ፦ እኔ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ነው የምሠራው። አንድ ልጅ "ሽቦ ላገናኝልህና ቁልቁለት ላይ ይሙላልህ" አለኝ። ላሠራው?

ልጁ አልዋሸም። ብዙ የቻይና ኮንትሮለሮች (ሞተሩን የሚቆጣጠሩት ሳጥኖች) ለኤሌክትሪክ ፍሬን የተተወች ሽቦ አላቸው። ግን መጀመሪያ ባትሪህ ምን እንደሆነ ልወቅ። ሊትየም ከሆነ ሲሞላ የውስጡ መከላከያ ሰርኪዩት ራሱን ይቆርጣል። ቁልቁለት ላይ እንዲያ ከሆነ መያዙ ድንገት ይጠፋል፤ ቮልቴጁም ዘሎ ኮንትሮለሩን ሊያቃጥል ይችላል። የእርሳስ ባትሪ ከሆነ ደግሞ በአንዴ ብዙ መቀበል አይወድም። የምታተርፈው ጥቂት፣ የምታጣው ኮንትሮለር። እኔ ብሆን ገንዘቡን የኋላ ፍሬን ሸራ ላይ አውለው ነበር።

ጥያቄ፦ ቁልቁለት ላይ ዜሮ ማርሽ ላይ ባደርገውስ? ድሮ አይሱዙ ስነዳ ነዳጅ እቆጥብ ነበር።

አባቴ፣ ያኔም ስህተት ነበር። አሁን ደግሞ ሪጀኑንም ታጠፋዋለህ፤ ቁጠባ ያልከው ሸራ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ ቢቆምብኝ በገመድ ላስጎትተው?

የሚነዳው ጎማ መሬት እየነካ አይጎተትም። ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፤ ሞተሩ ኃይል ያመነጫል፤ የሚቆጣጠረው የለም። ጭነት መኪና ላይ አስጭነው።