የቨርጂኒያ ጓሮ፦ ጎመኑ ለምን አበበ፣ በርበሬው ለምን አልቀላም፣ ቲማቲሙስ እንዴት ይቆያል?

እህቴ፣ የጠየቅሽው ሦስት ነገር ነው። በሜይ መጨረሻ የዘራሽው የሐበሻ ጎመን በወጉ ሳይበላ አበበ፣ ቅጠሉም ወንፊት ሆነ። በርበሬው አረንጓዴ እንደሆነ ውርጭ መታው። ቲማቲሙ በኦገስት ባንዴ ደርሶ ግማሹ ቂጡ ጠቁሮ ተጣለ፤ የተረፈውን እንደ ጎረቤቶችሽ በጃር ማሸግ ይቻል እንደሆነ ማወቅ ትፈልጊያለሽ። የሰሜን ቨርጂኒያ፣ የሜሪላንድና የዲሲ አየር ስለሚቀራረብ መልሱ እዚያ ላላችሁ ሁሉ ይሆናል።

ከጎመኑ ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሱ ላይ ነውና። ሀገር ቤት ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ይመጣል፣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ጎመን ይዘራል። እዚህ ጁን ሙቀቱ የሚበረታበት፣ ቀኑም ከዓመቱ ሁሉ የሚረዝምበት ወር ነው። አዲስ አበባ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ ቨርጂኒያ ግን በጁን አጋማሽ ፀሐይ 14 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ትቆያለች። የሐበሻ ጎመን ቀን ሲረዝም ወደ አበባ የሚሮጥ ተክል ነው። ውሃ ብትጨምሪም፣ ፍግ ብታበዢም በዚያ ወር ማበቡን አታስቀሪውም። መፍትሔው የሙቀቱን ወራት ለበርበሬና ለቲማቲም ለቅቆ ጎመንን በዓመት ሁለት ጊዜ መዝራት ነው።

የመጀመሪያው ዘር ከማርች አጋማሽ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ መሬት ላይ ይዘራል፤ ቀላል ውርጭ አይጎዳውም። ዘሩ ከሩብ እስከ ግማሽ ኢንች ጥልቀት ይበቃዋል። ችግኙ አራት ቅጠል ሲያወጣ የተጨናነቀውን እየነቀልሽ ብዪው፣ የሚቀረው በመካከሉ አንድ ጫማ ያህል ይኑረው። ስትለቅሚ ከታች ያሉትን ቅጠሎች ውሰጂ፤ ጫፉ ላይ አራት አምስት ቅጠል ካልተረፈለት ተክሉ ማገገም ያቅተዋል። ጁን ላይ ማበብ ሲጀምር ሳታዝኚ ንቀዪው። ያረጀ ጎመን ጓሮ ውስጥ ሲቆይ የተባይ መራቢያ ይሆናል።

ሁለተኛው ዘር ከኦገስት መጀመሪያ እስከ አጋማሹ ነው፣ የተሻለውም እሱ ነው። ያኔ መሬቱ ስለሚግል ዋዜማውን መደቡን በደንብ አጠጪ፣ ከዘራሽ በኋላ እርጥብ ጆንያ አልብሺው። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ ገልጠሽ እዪ፤ ብቅ ባለበት ሰዓት ጆንያውን ካላነሳሽ ችግኙ መንምኖ ይጋደማል። ከሴፕቴምበር መጨረሻ ጀምሮ ትበያለሽ፤ ቀለል ያለ ውርጭ ካገኘው በኋላ ደግሞ ይጣፍጣል።

ቅጠሉን የሚበሳው አንድ ተባይ አይደለም፣ መድኃኒታቸውም ይለያያል። ከነጭ ቢራቢሮ የሚፈለፈለው አረንጓዴ ትል ትልልቅ ቀዳዳ ይተዋል፤ ለእሱ ቢቲ የሚባለው የባክቴሪያ መድኃኒት ወደ ማታ ሲረጭ ይሠራል፣ ዝናብ ካጠበው ይደገማል። ጥቁርና ብርቱካናማ ቀለም ያለው፣ ጋሻ የመሰለ ጀርባ ያለው ተባይ ግን ጭማቂውን እየመጠጠ ቅጠሉን ያነጣዋል፣ ያጠወልገዋል፤ ቢቲ አይነካውም። እንቁላሉ ከቅጠሉ ሥር በሁለት መስመር የተደረደረ፣ ጥቁርና ነጭ መቀነት ያለው ትንሽ በርሜል ይመስላል። ያንን ጨፍልቂ፣ ተባዮቹን ጠዋት ገና ሳይነቃቁ ሳሙና ያለበት ውሃ ውስጥ አራግፊ። ከሁሉ የሚሻለው በዘራሽበት ቀን ስስ የተባይ መከላከያ መረብ ማልበስና ዳርና ዳሩን በአፈር መቅበር ነው። ጎመን የሚፈለገው ለቅጠሉ ስለሆነ ንብ ባይደርሰው አይጎዳም።

በርበሬው ያልቀላው ዘግይቶ ስለተተከለ ነው። ማረቆ ፋናን የመሰሉት የሀገራችን በርበሬዎች ከተተከሉ በኋላ አራት ወር ያህል ይፈልጋሉ። ስለዚህ ዘሩ በማርች መጀመሪያ ቤት ውስጥ መዘራት አለበት፤ አፈሩ 80 ፋራናይት አካባቢ ቢሞቅለት ቶሎ ይበቅላል፣ ከበቀለ በኋላ መብራት ቅርብ ይሁንለት። ወደ ውጭ የሚወጣው በሜይ አጋማሽ፣ ሌሊቱ ከ55 ፋራናይት በታች መውረዱን ሲያቆም ነው። ከዚያ በፊት ከወጣ አይሞት ይሆናል፤ ነገር ግን እድገቱ ቆሞ ይቀርና የቸኮልሽበትን ጊዜ ያስከፍልሻል። በመካከላቸው 18 ኢንች ተዪ። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ካየሽ ራቂው፣ ቅጠሉን አሳምሮ ፍሬውን ያዘገያል። (ዘር ከሀገር ቤት የምታመጡ፣ የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት ያስፈልገዋል፤ ጉምሩክ ላይም መያዛችሁን ማሳወቅ አለባችሁ።)

በጁላይ አበባው ቢረግፍ አትደንግጪ። ቀኑ ከ90፣ ሌሊቱ ከ75 ፋራናይት በላይ ሲሆን አበባው ፍሬ አይቋጥርም፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ብዙ ሰው የማያደርገው ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፦ ከኦገስት 25 ወዲህ የሚያብበውን ሁሉ ቁረጪ። አበባ ቀይ ፍሬ እስኪሆን ከስምንት እስከ አሥር ሳምንት ይወስዳል፣ ውርጭ ደግሞ ከኦክቶበር አጋማሽ ጀምሮ ሊመጣ ይችላል። የማይደርሰውን ስትቆርጪ ጉልበቱ ወደ ቋጠረው ይሄዳል።

ለድልህና ለደረቅ በርበሬ የሚለቀመው ሙሉ በሙሉ ቀልቶ ሲጠቁር፣ ተክሉ ላይ እንዳለ መሸብሸብ ሲጀምር ነው። በመቀስ ቁረጪ፤ በእጅ ሲጎተት ቅርንጫፉ ይገነጠላል። ግማሽ በግማሽ የቀላው ቤት ውስጥ ተነጥሎ ቢሰጣ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ይቀላል፤ ጭራሽ አረንጓዴው ግን ለቃሪያነት ይዋል።

ማድረቁ ላይ እንደ ሀገር ቤት ፀሐይ ላይ ማስጣትን አልመክርም። የእዚህ አየር በሴፕቴምበርም እርጥበት ስላለው በርበሬው ሳይደርቅ ይሻግታል። ሻጋታው የሚያመጣው አፍላቶክሲን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ነው፣ በመቁላትም አይጠፋም። የሻገተውን ክፍል ቆርጦ ሌላውን መጠቀም የለም፣ ሙሉው ይጣል። ፍሬውን በቁመቱ ሰንጥቀሽ፣ ጓንት አድርገሽ፣ በማድረቂያ ማሽን በ135 ፋራናይት አድርቂው፤ እንደ ሥጋው ውፍረት ከ8 እስከ 14 ሰዓት ይፈጃል። ኦቨን ከሆነ ዝቅተኛው ሙቀት ላይ በሩን ገርበብ አድርጊ። ደርቋል የሚባለው ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ነው፤ እንደ ቆዳ ከተለመጠ ገና ነው። ከነጭራው ካደረቅሽው መጨረሻ የሚደርቀው ጭራው ሥር ስለሆነ እዚያ ላይ ፈትሺ። ከዚያ ጃር ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህል ሞልተሽ አንድ ሳምንት በየቀኑ ነቅንቂው። መስታወቱ ላይ ላብ ካየሽ ወደ ማሽኑ ይመለስ። 10 ፓውንድ እርጥብ በርበሬ ሲደርቅ 2 ፓውንድ እንኳ ላይሞላ ይችላል፣ ስለዚህ ለዓመት ቅመም ሦስት አራት እግር ተክሎ መጠበቅ ልፋት ብቻ ነው።

ቲማቲም። ቂጡ የሚጠቁረው በሽታ ይዞት አይደለም፤ ካልሲየም ፍሬው ጫፍ ስላልደረሰ ነው። ካልሲየም ከውሃ ጋር ስለሚጓዝ ሦስት ቀን አድርቆ በአራተኛው ቀን ማጥለቅለቅ ያንን ያመጣል። በሳምንት ከ1 እስከ 1 ተኩል ኢንች ውሃ በሁለት በሦስት ጊዜ ከፍለሽ ሥሩ ላይ አጠጪ፣ መሬቱ ከሞቀ በኋላም ሁለት ሦስት ኢንች ጭድ ጎዝጉዢ። ባንዴ መድረሱ ከዝርያው ነው፦ ቁጥቋጦ ሆኖ የሚቆመው ዓይነት በጥቂት ሳምንት ጨርሶ ይሰጣል፣ እየረዘመ የሚሄደው ግን እስከ ውርጭ ጥቂት በጥቂት ያፈራል። ለማሸግ የመጀመሪያው፣ ለየዕለቱ ሁለተኛው ይመረጣል። በሙቀቱ ወራት ገና ሮዝ ሲል ልቀሚው፤ ከ85 ፋራናይት በላይ ቀዩ ቀለም በደንብ ስለማይሠራ ጥላ ውስጥ 70 ላይ የቀላው ይበልጣል።

በጃር ማሸግ ይቻላል፤ እዚህ ላይ ግን በግምት አይሠራም። ቲማቲም አሲዱ ወሰን ላይ ያለ በመሆኑ ለእያንዳንዱ ኳርት (አንድ ሊትር ገደማ) ጃር 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ለፓይንት (የኳርት ግማሽ) 1 የሾርባ ማንኪያ የታሸገ የሎሚ ጭማቂ ይጨመር፤ የተጨመቀ ትኩስ ሎሚ አሲዱ ስለሚለዋወጥ አይሆንም። ተልጦ፣ ተፈጭቶ፣ አምስት ደቂቃ የፈላ ቲማቲም በትኩሱ ይሞላል፣ ከላይ ግማሽ ኢንች ባዶ ይተዋል። ውሃው ጃሩን አንድ ኢንች ያህል አልፎ እየተንተከተከ ፓይንት 35፣ ኳርት 45 ደቂቃ ይቆያል። ይህ ከባሕር ጠለል እስከ 1000 ጫማ ከፍታ ነው።

ቁሌት አብስሎ በዚህ መንገድ ማሸግ ግን አደገኛ ነው። ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዘይቱ ሲገቡ አሲዱ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም እኩል አይደርስም፤ አየር የሌለበት ጃር ደግሞ የቦቱሊዝም ባክቴሪያ የሚመቸው ቦታ ነው። መርዙ ሽታም ጣዕምም የለውም። ቁሌት ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጥ። ነጭ ሽንኩርት በዘይት የገባበት አዋዜም ውጭ አይደር። ሰዓት ከሌለሽ ቲማቲሙንም አጥበሽ እንዳለ በከረጢት ፍሪዘር ውስጥ አስገቢው፤ ስታወጪው ቧንቧ ሥር ልጣጩ በራሱ ይላቀቃል።

ጎመንም እንዲሁ ለፍሪዘር ነው። ግንዱን አውጥተሽ በፈላ ውሃ 3 ደቂቃ፣ ወዲያው በበረዶ ውሃ ሌላ 3 ደቂቃ፣ ከዚያ ጨምቀሽ በከረጢት ጠፍጥፊው። ጥሬውን ብታስገቢው ቅጠሉ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች መሥራታቸውን ስለማያቆሙ በጥቂት ሳምንት ቀለሙ ይጠፋል፣ ይመራል። በዚህ መልክ በ0 ፋራናይት እስከ ዓመት ይቆያል።

የአየር ትንበያው ለሌሊቱ 36 ፋራናይት ሲል፣ ትኩር ብለሽ መምረጥ ሳያስፈልግ ያን ቀን በርበሬና ቲማቲሙን ሁሉ ልቀሚ፤ ጎመኑን እዚያው ተዪው።