በጫማዬ ስለተሸከምኩት በሽታ

በጅማ የእንስሳት ሕክምና ለምትማሩ ልጆቼ፤

የቫይረሶች ምደባ እንደሚያሰለቻችሁ አውቃለሁ። እኔም በእናንተ ዕድሜ የቤተሰቦቹን ስም ለፈተና ሸምድጄ በማግስቱ ረስቼዋለሁ። ዋጋውን የከፈሉት ግን ቡችሎች ናቸው።

ክረምት ነበር። መንቲና ሰፈር በፓርቮ ቫይረስ ተይዛ ደም የሚያስቀምጣትን ቡችላ አክሜ፣ እጄን በአልኮል አሽቼ፣ ጭቃ የያዘ ጫማዬን እንደተጫማሁ ወደ ሄርማታ ሰፈር ሄድኩ። በሳምንቱ እዚያ የጎበኘኋቸው አራት ቡችሎች ታመሙ፤ የተረፈችው አንዷ ብቻ ናት። በሽታውን ያደረስኩላቸው እኔ እንደሆንኩ እስከ ዛሬ አልጠራጠርም።

ፓርቮ የሚለው ስም ከላቲን የመጣ ሲሆን ትንሽ ማለት ነው። ቫይረሱ 25 ናኖ ሜትር ገደማ ነው፤ የዘር መረጃ ስንቁም 5,000 ገደማ ፊደላት ያሉት አንድ ነጠላ የዲኤንኤ ክር ነው። በዚህች ስንቅ ዲኤንኤ የሚያባዛ መሣሪያ መያዝ ስለማይችል ሴሉ ራሱ ሊከፈል እስኪነሳ ይጠብቃል። እንግዲህ አስቡት፤ በቡችላ አካል ውስጥ ፋታ ሳያገኝ የሚከፈለው ሴል የት ነው? አንጀት፣ መቅኔ፣ ገና በተወለደው ደግሞ ልብ። ተቅማጡም፣ የነጭ ደም ሴል መመናመኑም፣ የጨቅላው ድንገተኛ ሞትም ከዚህች አንዲት ድህነት ይመነጫሉ። ሰውን የሚይዘው ዘመዱ፣ ቢ19 የተባለው ቫይረስ ደግሞ ቀይ የደም ሴል የሚሆኑትን ይፈልጋል።

ይህ ቤተሰብ የስብ ሽፋን የለውም፤ የሚለብሰው የፕሮቲን ቅርፊት ብቻ ነው። አልኮል በዋናነት የሚያፈርሰው የስብ ሽፋንን ነው። ይህን በዚያን ቀን ባስታውስ ኖሮ!

ምደባው ራሱም ተለውጧል። ድሮ የአከርካሪ እንስሳትን የሚይዙትና የነፍሳቱ ተብሎ ለሁለት ይከፈል ነበር፤ ማባዛቱን የሚያስጀምረው ፕሮቲናቸው ሲነጻጸር ግን ድንበሩ ስላልጸና ሦስተኛ ንዑስ ቤተሰብ ተጨመረ። የውሻው ፓርቮ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 ሲታወቅ የድመት ቫይረስ የቅርብ ዘመድ ሆኖ ተገኘ፤ ከውሻ ሴል ጋር ያጣበቁት በቅርፊቱ ላይ የታዩ ጥቂት ለውጦች ናቸው። ስለዚህ ስም ስታጠኑ «ይህ ዝምድና ምን እንድጠብቅ ያደርገኛል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከቤት ወደ ቤት ስትሄዱ ጭቃውን አጥቡና ጫማችሁን በተበጠበጠ በረኪና ንከሩ፤ ቆሻሻ ካለበት በረኪናው ይደክማል። ለባለቤቶቹም አንድ ክትባት እንደማይበቃ ንገሯቸው። ቡችላዋ ከእናቷ የወሰደችው መከላከያ ክትባቱን ስለሚያከሽፈው፣ በየሦስትና አራት ሳምንቱ እየተደገመ 16ኛው ሳምንት ላይ መድረስ አለበት።