ዛንዚባር ለዱር እንስሳት ለሚሄዱ፦ ለነብር ጉብኝት ቀብድ አይክፈሉ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። «ከልጆቼ ጋር ዛንዚባር ልንሄድ ነው፤ ምን ዓይነት የዱር አጥቢ እንስሳት እናያለን? የትኞቹስ ለመጥፋት ተቃርበዋል? የነብር ጉብኝት የሚሉትስ ያዋጣል?» ብለው ጠይቀዋል። ስለ በረራና ስለ ሆቴል ሌሎች ስለጻፉ ወደዚያ አልገባም።

1. ለነብር ገንዘብ አይክፈሉ። የዛንዚባር ነብር ከጠንቋዮች ጋር ያብራል ተብሎ እ.ኤ.አ. ከ1964ቱ አብዮት በኋላ በዘመቻ የታደነ እንስሳ ሲሆን፣ በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ተስፋ ቆርጠውበታል። እ.ኤ.አ. በ2018 በደን ውስጥ የተተከለ ካሜራ ነብር የሚመስል እንስሳ በመቅረጹ ወሬው ዓለምን አዳረሰ፤ ገበያውም ደራ። የዛንዚባር ከተማ አሮጌ ክፍል በሆነው ስቶን ታውን ውስጥ ወደ ጆዛኒ ደን ለመሄድ ቀብድ የከፈልሁበት አንድ አስጎብኚ ቢሮ፣ በመሄጃዬ ዋዜማ ጉዞው «ወደ ሌሊት የነብር ጉብኝት ተቀይሯል» ብሎ ተጨማሪ ክፍያ ጠየቀኝ። ገንዘቤን መልሱልኝ ስል፣ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችው ሴት ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል «ቀብድ አይመለስም፤ ጦጣ ማየት ከፈለግህ አስፋልት ዳር ቁም» አለችኝ። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ነገር ቢኖር አባባሏ እውነት ሆኖ መገኘቱ ነው።

2. ወደ ጆዛኒ በራስዎ ይሂዱ። ደኑ ከስቶን ታውን 35 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ በማግስቱ በዳላዳላ፣ ማለትም በእነርሱ ታክሲ፣ ከመንደርተኛው ጋር ተጣብቄ ሄድሁ፤ ገና ከመውረዴም ቀይ ጉሬዛዎቹን ከመንገዱ ዳር ባለው ዛፍ ላይ አገኘኋቸው። ጀርባቸው ቀይ፣ ፊታቸው ጥቁር፣ ከንፈርና አፍንጫቸው ሮዝ፣ የራሳቸው ጠጉር ደግሞ ነጭና የተንጨባረረ ነው። የአገራችንን ጉሬዛ የሚያውቅ ሰው ዝምድናቸውን አውራ ጣት የለውም ከሚያስብለው እጃቸው ይረዳል። አንዷ ከሰው ጓሮ የከሰል ስባሪ አንሥታ፣ ልጇን ደረቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ቅርንጫፍ ላይ ወጥታ ስትቆረጥመው በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከሰሉ ከማንጎና ከመሰል ዛፎች ቅጠል የሚገባባቸውን ጎጂ ንጥረ ነገር ስለሚመጥላቸው ነው። ይህ እንስሳ በተፈጥሮ የሚገኘው በዛንዚባር ብቻ ሲሆን፣ የእንስሳትን የመጥፋት ስጋት በደረጃ በሚያስቀምጠው ዓለም አቀፍ ቀይ መዝገብ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነ ቆጠራ ከ5,800 በላይ እንደሆኑ አሳይቷል፤ ይህም ቀድሞ ከሚገመተው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። በ1990ዎቹ መንገዱ ላይ የፍጥነት መቀነሻ ከተሠራ ወዲህ በመኪና የሚገጩት ቢቀንሱም ፈጽሞ አልቀረምና፣ ሹፌር ከያዙ ቀስ እንዲል አደራ ይበሉት። ትኬት ከበሩ ላይ ሲቆርጡ አስጎብኚ ይመደብልዎታል፤ ከገቢውም ለአካባቢው መንደሮች ድርሻ ይደርሳቸዋል። ልጆችዎ እንዳይመግቧቸው፣ ጉንፋን የያዘው ካለም እንዳይጠጋቸው፤ የሰው በሽታ ይጋባባቸዋል።

3. ሚዳቋዋን አላየሁም ብለው አይዘኑ። የአደርስ ሚዳቋ የምትባለው ከ12 ኪሎ የማትበልጥ ዓይን አፋር እንስሳ ናት፤ በውሻና በመረብ ስትታደን ኖራ እጅግ አስጊ በሆነው ደረጃ ተመዝግባ ነበር። ኬንያ ውስጥ በቦኒና በዶዶሪ ደኖች ብዙ ስለተገኘች ዛሬ ስጋቱ ቀለል ወዳለው «ለአደጋ የተጋለጠ» ደረጃ ዝቅ ብላለች። መዝገቡ ተሻሻለ ማለት ግን በደሴቲቱ ላይ ያለችው በዛች ማለት እንዳልሆነ አስጎብኚዎ ካልነገረዎት እርስዎ ይንገሩት፤ እኔ ነግሬዋለሁ፣ ደስ ግን አላለውም። እርሷን ስጠብቅ ያየሁት አፍንጫው እንደ ኩምቢ የረዘመውን፣ ቅጠል እያገላበጠ ነፍሳት የሚለቅመውን ሴንጊ የተባለ ትንሽ እንስሳ ነው፤ ብዙ ጎብኚ ሳያየው እንደሚመለስ ስለሰማሁ ትንሽ ኮርቻለሁ።

ወደ ፔምባ ደሴት የሚሻገሩ ከሆነ፣ በዚያ ብቻ የሚገኘውን ትልቁን ፍሬ በል የሌሊት ወፍ ኪዲኬ በተባለው ስፍራ ያዩታል። ለሥጋው ሲታደን ሊያልቅ ደርሶ፣ መንደርተኞች ማኅበር አቋቁመው ማደሪያ ዛፎቹን በመጠበቃቸው ነው ያገገመው። ቀን ካልተረፈዎት ግን ፔምባን ለሌላ ጊዜ ይተዉት፤ ከልጆች ጋር ማዶ ለማዶ መመላለሱ ያደክማል።