ከኮሌታ ስፌት ወደ ቤት ጥልፍና ቀሚስ፦ «መጀመሪያ ምን ልግዛ?» ላልሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን እንደተረዳሁት፣ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ አንድ ዓመት ከመንፈቅ የሸሚዝ ኮሌታ ሰፍተሻል፤ አሁን ቤትሽ ሆነሽ ጥልፍና የሐበሻ ቀሚስ መሥራት አስበሻል። «ሲንጀር የስፌት መኪና ልግዛ ወይስ ጥልፍ ልማር? መነን (ስስ ሸማ) ላይ የጠለፍኩት ለምን ይጨማደድብኛል? ለፊቼ ጨምበላላ (ለሲዳማ አዲስ ዓመት) ትዕዛዝ ብቀበልስ?» ብለሻል። ከእኔ በፊት ከመለሱልሽ መሐል «የስፌት መኪናውን ግዢ፣ ሌላው በራሱ ይመጣል» ያሉሽ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። መኪናው የመጨረሻው ግዢ ይሁን።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ፋብሪካ ውስጥ ጨርቁ ተዘጋጅቶና ተለክቶ፣ ተቆርጦም ነው እጅሽ የሚገባው። አንቺ መስመር ይዘሽ ትሰፊያለሽ፤ እሱን ደግሞ በደንብ ታውቂበታለሽ። የሐበሻ ቀሚስ የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስፌቱ ላይ አይደለም። ሳይታጠብ የተቆረጠ ጨርቅ፣ ከልክ በላይ ሰፊ ሆኖ የተቆረጠ አንገት፣ ያለ ልክ የተወጠረ ጥልፍ ናቸው የሚያበላሹት። ሦስቱንም ማስቀረት ያለ መኪና ይለመዳል።

ለመጀመሪያው ወር የሚበቃሽ ይኼ ነው፦ 3 ሜትር አቡጀዲ፣ ዲያሜትሩ ከ15 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ ብሎን ክብ የጥልፍ ፍሬም፣ 7 ቁጥር የጥልፍ መርፌ (ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር መርፌው ይቀጥናል)፣ ሜትር፣ ስፒል፣ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ መቀስ። ትልቁ መቀስ ወረቀት አይንካ። ካርቶን የቆረጠ መቀስ ሸማ ላይ ሲመጣ ክሩን እያኘከ ይጎትታል። ሰኞና ሐሙስ ገበያ ስትወጪ መነን ካማረሽ ግዢ፣ ግን ለጊዜው አስቀምጪው። እጅሽን የምታፍታቺው አቡጀዲው ላይ ነው።

አሁን ወደ መጨማደዱ። ምክንያቱ ሦስት ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚነግርሽም የሚታይበት ሰዓት ነው።

ጨርቁ ገና ፍሬሙ ላይ እያለ ጥልፉ ዙሪያ ከተሰበሰበ ክሩን እየሳብሽው ነው። ክር ጨርቁ ላይ ይተኛል እንጂ ጨርቁን አያስርም። መርፌውን አውጥተሽ ክሩን ስትስቢ፣ ጨርቁን ሲነካ አቁሚ፤ «ለማጥበቅ» የምትጨምሪያት ያቺ ትንሽ ሳብታ ናት የምታጨማድደው።

ፍሬም ላይ ሳለ ቆንጆ ሆኖ ስታወጪው ከተሸበሸበ ደግሞ ጨርቁን ከልክ በላይ ወጥረሽዋል። አቡጀዲ ጥብቅ ስለሆነ እንደ ከበሮ ቢወጠር ችግር የለውም። መነንና ፈትል ግን ልል ናቸው። ብሎኑን ካጠበቅሽ በኋላ ጠርዙን ይዘሽ ስትጎትቺ ድሩና ማጉ (የቁመቱና የአግድሙ ክሮች) ይከፈታሉ፤ አንቺም የተከፈተው ላይ ትጠልፊያለሽ። ከፍሬሙ ሲወጣ ጨርቁ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ጥልፉ ግን ሰፍቶ ይቀራል። መፍትሔው የውስጠኛውን ቀለበት ስስ የጥጥ ጨርቅ መጠቅለል ነው፤ ያኔ ሳትጎትቺውም ይይዝልሻል። ማስተካከል ካስፈለገም በድሩ ወይም በማጉ አቅጣጫ ብቻ ሳቢ፤ በሰያፍ ፈጽሞ አይሳብም። ክሮቹ ቀጥ ብለው መተኛታቸውን በዓይንሽ እያየሽ አጥብቂ። ማታ ሥራ ስታቆሚ ብሎኑን ፍቺና ጨርቁን አውጪው፤ ሲያድር ፍሬሙ የሚተወው ክብ ምልክት ነጭ መነን ላይ በቀላሉ አይለቅም።

ሦስተኛው ከእጥበት በኋላ የሚመጣው ነው። ጥጡ ሲታጠብ ይገባል፣ ሰው ሠራሹ የጥልፍ ክር ግን አይገባም፤ ስለዚህ ጥልፉ ሞገድ ሠርቶ ይነሳል። ይኼ አንዴ ከመጣ መድኃኒት የለውም፤ የሚከላከለው ከመቁረጥና ከመጥለፍ በፊት ማጠብ ብቻ ነው። ከጨርቁ ዳር ላይ በሁለት ባለቀለም ክር ነጥቦች 20 ሳንቲ ሜትር ምልክት አድርጊ፤ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ ሳትጨምቂ ጥላ ላይ አስጪው፤ ሲደርቅ እንደገና ለኪ። 19 ሆኖ ካገኘሽው 5 በመቶ ገብቷል ማለት ነው። 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ላይ ይኼ 6 ሳንቲ ሜትር ነው። ቁርጭምጭሚት ላይ የነበረ ቀሚስ ከአንድ እጥበት በኋላ ወደ ላይ የሚሸሸው በዚህ ነው። ልኬቱን በድሩም በማጉም አቅጣጫ አድርጊው፤ እኩል ላይገቡ ይችላሉ።

ክርን በተመለከተ፣ የተለመደው የጥጥ ጥልፍ ክር ጥቅሉ 8 ሜትር ሲሆን አንዱ ክር ስድስት ቀጫጭን ክሮችን የያዘ ነው። ከክንድሽ አታስረዝሚው፤ 45 ወይም 50 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ረጅም ክር ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፣ ግን በየስፌቱ በጨርቁ ውስጥ ሲመላለስ ይላጫል፣ መጨረሻው ላይ ጸጉር ያወጣል። ለመነን ሁለት ወይም ሦስት ቀጭን ክር በቂ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ከጥቅሉ አትሳቢ፤ ይቋጠራሉ። አንድ በአንድ መዘሽ አውጪና ከዚያ አጣምሪያቸው፤ ሲተኙም ያብረቀርቃሉ።

ቀይ፣ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ክር ነጭ ልብስ ከመንካቱ በፊት ፈትኚው። ክሩን አርጥበሽ በነጭ ጨርቅ መሐል አድርጊና በካውያ ተጫኚው። ነጩ ላይ ቀለም ከታየ በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግመሽ እጠቢው፤ ውኃው እስኪጠራ ነው። ካልጠራ ክሩን ለሌላ ሥራ ተዪው። ሻጩ «አይለቅም» ቢልሽም ፈትኚ።

ከኋላ አትቋጥሪ። 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ተይና ከኋላ በተሠሩት ስፌቶች ሥር አሳልፈሽ ደብቂው። ቋጠሮ መነን ላይ ከፊት ይጎብጣል፣ ሲታጠብም ይፈታል። ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ክር እየጎተትሽ መዝለልም አይሆንም፤ ጥቁር ክር በስስ ነጭ ጨርቅ ሥር ሲያልፍ እንደ ጥላ ይታያል። ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ቁረጪና እንደ አዲስ ጀምሪ።

ንድፉን ለማስተላለፍ እስክሪብቶ አትጠቀሚ፤ ሲታጠብ ይሰራጫል። ሰማያዊ ካርቦንም ያው ነው። መነን ስስ ስለሆነ ወረቀቱን ከሥሩ አድርገሽ መስኮት መስታወት ላይ ለጥፊው፤ በደንብ ይታይሻል። ጠመኔ ወይም ያለቀች የሳሙና ስባሪ ለትልልቅ መስመሮች ይበቃሉ። ሳሙናዋ ነጭ ጨርቅ ላይ አትታይም፤ ለባለቀለም ነው የምትሆነው።

ከስፌቶቹ በሰንሰለት (ቀለበት ከቀለበት እየተያያዘ በሚሄደው ስፌት) ጀምሪ። ሐረግ፣ የመስቀል ዙሪያ፣ የአንገት ዳር ሁሉ በሰንሰለት ይወጣል። 3 ሚሊ ሜትር ርዝመት ይዘሽ 1 ሜትር መስመር አቡጀዲው ላይ እኩል እስኪወጣልሽ ድረስ ወደ ሌላ አትሂጂ። ሙሉ አድርጎ የሚሸፍነው ጥልፍ የሚያምረው ጠባብ ቦታ ላይ ነው፤ ክሩ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ተዘርግቶ ከተኛ ቀለበትና ጥፍር ይይዘዋል። ሰፊ ቅጠል ከሆነ መሐሉን ከፍለሽ ሁለት ጎን አድርጊው። የመስቀል ጥልፍ ላይ ደግሞ የላይኛው ክር ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ይደገፍ። አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ከሆነ ብርሃን ሲያርፍበት ዝንጉርጉር ይመስላል።

አሁን ዋናው ቅደም ተከተል፦ ቀሚሱን ሰፍቶ መጥለፍ የለም። ጥልፍ ጨርቁን ትንሽ ይሰበስባል፤ ስለዚህ የደረቱን ቁራጭ በዙሪያው ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር አትርፈሽ ቁረጪ፣ መሐሉን በድሩ አቅጣጫ በረጅም ባለቀለም ስፌት ምልክት አድርጊ፣ ጥለፊ፣ በፊቱ ደፍተሽ ፎጣ ላይ ተኩሺ፣ ከዚያ ነው ትክክለኛው ቅድ። የአንገት ቀዳዳም የሚወጣው ያኔ ነው።

አንገት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የጎኑ ልክ የግማሽ ነው፤ ጨርቁ ታጥፏልና ስትከፍቺው እጥፍ ይሆናል። ደረቷ 92 ለሆነች ሴት ከመሐል ወደ ጎን 7 ሳንቲ ሜትር፣ ከኋላ 2፣ ከፊት 8 ጥልቀት ብለሽ ጀምሪ። ጠባብ ከሆነ ይሰፋል፤ የሰፋ አንገት ግን ከትከሻ ይንሸራተታል፣ ማንም አያድነውም። እንደቆረጥሽ ወዲያው ከጠርዙ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገባ ብለሽ በእጅም ቢሆን ዙሪያውን በደቃቅ ስፌት ያዢው። ክብ የተቆረጠ ሸማ ካልተያዘ ስታነሺና ስታስቀምጪው ብቻ ይሰፋል።

የደረት ልክ ላይ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ጨምሪ። ፋብሪካ የለመድሽው ጨርቅ የሚለጠጥ ከነበረ ይኼ ብዙ ሊመስልሽ ይችላል፤ ሸማ አይለጠጥም፣ ክንድ ሲነሳ ስፌቱ ላይ ይተረተራል። ሌላው፣ ታች ላይ ጥለት ካለ ቀሚሱ ከታች አይቀመቀምም፣ ጥለቱን አታጥፊውም። ስለዚህ ርዝመቱ የሚስተካከለው ከላይ፣ ከወገብ ወይም ከትከሻ ነው። ጥለቱን ከመሬት ያለውን ከፍታ መጀመሪያ ወስኚና ወደ ላይ እየለካሽ ውጪ። የፊትና የኋላ ጥለት ጎን ላይ ካልገጠመ ከሩቅ ይታወቃል፤ ከመስፋትሽ በፊት እዚያች ቦታ ላይ ስፒል ሁለት አድርጊ።

ኦቨርሎክ (ጠርዙ እንዳይተረተር የሚይዘው መኪና) ስለሌለሽ አትጨነቂ። ለሸማ እንዲያውም የሚሻለው ድርብ ስፌት ነው። ሁለቱን ቁራጭ የውስጥ ፊታቸውን አገናኝተሽ ከጠርዙ 7 ሚሊ ሜትር ላይ ስፊ። ትርፉን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ከርክሚ፣ ተኩሺ፣ ገልብጠሽ አሁን የውጭ ፊታቸውን አገናኚና 8 ሚሊ ሜትር ላይ ድገሚው። የሚተረተረው ጠርዝ ውስጥ ታሽጎ ይቀራል። ሁለቱ ተደምረው 1.5 ሳንቲ ሜትር ስለሚበሉ ስትቆርጪ ይህን መተውሽን አትርሺ። ሁለተኛው ስፌት ከከረከምሽው ትርፍ ከጠበበ ክሮች ወደ ውጭ ብቅ ይላሉ፤ እነሱን በመቀስ መልቀም ሥራ አይባልም፣ ፍቺና ድገሚው።

እዚህ ከደረስሽ መኪናው ጊዜው ነው። ለቤት በእግር እየተረገጠ የሚዞረውን እመርጣለሁ፤ መብራት ሲጠፋ አይቆምም፣ እንደ ፋብሪካው መኪናም አይበርርም። ያገለገለ ስትገዢ ክር ሳታስገቢ ጎማውን ወደራስሽ በእጅ አዙሪ፤ የሚይዝበት ቦታ መኖር የለበትም። መርፌ የያዘውን ዘንግ ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጊው፤ ከተንገዳገደ ተዪው። ከዚያ ከላይ ቀይ፣ ቦቢን (የታች ክር የሚጠቀለልበት) ላይ ነጭ ክር አድርገሽ ድርብ አቡጀዲ ላይ ስፊ። ነጩ ከላይ ነጥብ ነጥብ ብሎ ከታየ የላዩ ጠብቋል፤ አላላው። ቀዩ ከሥር ቀለበት እየሠራ ከተጠራቀመ፣ ብሎን ከመንካትሽ በፊት ጨርቁን የምትጫነውን የመኪናውን እግር አንስተሽ ክሩን እንደገና አስገቢ። እግሯ ወርዳ ሳለች ክሩ መወጠሪያው ሰሃኖች መሐል አይገባም፤ ብዙ «የተበላሸ» መኪና ችግሩ ይኸው ነው። የቦቢኑን ቤት በክሩ ጫፍ አንጠልጥዪው፦ ዝም ብሎ መንጠልጠል፣ ነቅነቅ ስታደርጊው ትንሽ መውረድ አለበት። ብሎኑ በሩብ ዙር ብቻ ነው የሚነካው።

መርፌ ስትገዢ የፋብሪካውን እንዳታመጪ። ያኛው መኪናው ውስጥ የሚገባው ወፍራም ጫፉ ሙሉ ክብ ነው፤ የቤት መኪና መርፌ ግን ያ ጫፉ በአንድ ጎን ጠፍጣፋ ነው። ለመነን 75/11 ወይም 80/12፣ ለአቡጀዲ 90/14። ክሩ የሚገባው መርፌው ላይ ረጅሙ ቦይ ባለበት ጎን ነው። ዘይቱ የስፌት መኪና ዘይት ይሁን፤ የምግብ ዘይት ቆይቶ እንደ ሙጫ ይይዛል። ሸማ ብናኝ ያበዛል፣ ጨርቁን በሚጎትተው ጥርስ ሥር የሚጠራቀመውን በየቀሚሱ በብሩሽ አውጪ።

ስለ ትዕዛዙ፦ የሰንሰለት ፍጥነትሽን በሰዓት ለኪ። በሰዓት 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ የአንገቱና የደረቱ ሐረግ መስመር ተደምሮ 12 ሜትር ቢመጣ 30 ሰዓት ነው፤ በቀን 3 ሰዓት ከሠራሽ 10 ቀን፣ ጥልፉ ብቻ። እጥበቱ፣ ቅዱና ስፌቱ ሌላ ነው። ዋጋም የምትተምኚው ከዚህ ሰዓት ተነስተሽ ነው፤ ጎረቤት ስንት አስከፈለች ብለሽ አይደለም። ደግሞ የፊቼን ቀን አያንቶዎች (የሲዳማ የከዋክብት አዋቂዎች) ከዋክብትን አይተው ስለሚወስኑት እንደ መስቀል ቀድመሽ ቀን አትቆርጪለትም። ዘንድሮ አንድ የልጅ ቀሚስ፣ ለቤተሰብ፣ ያለ ቀጠሮ ሥሪ፤ ሦስት ጊዜ ይታጠብና ጥልፉን እዚህ ለጥፊልን።